የቱን መርዝ እንግዛ? ለአንድ ግቢ ኮሚቴ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አርባ ያህል ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ባለፉት ወራት አይጥ በዛብን። አንድ ጎረቤታችን ማንንም ሳያማክር በቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ መርዝ በተነ። በሳምንቱ የሌላ ጎረቤት ድመት ሞተች፤ ከዛፍ ሥር ደግሞ የሞተ ጉጉት አገኘን። አይጦቹ ግን ዛሬም አሉ። በአንደኛው ሕንጻ ኮርኒስ ውስጥ የሌሊት ወፎች ገብተዋል። አንዲት እናት ደግሞ በየጠዋቱ ለእርግብ እህል ይበትናሉ፤ በረንዳው ሁሉ ኩስ ሆነ። ስብሰባ ስንጠራ ግማሹ “ሁሉንም እናጥፋ” ይላል፣ ግማሹ “የእግዜር ፍጥረት ናቸው፣ አትንኳቸው” ይላል። የቱን መርዝ እንግዛ? ድመት ብናበዛስ? የሌሊት ወፎቹንስ ምን እናድርጋቸው?»

ምላሽ፦

ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ ልጀምር። መርዙን ለጊዜው አይግዙ። ድመትም አይጨምሩ። የሌሊት ወፎቹ ይወጣሉ፤ ግን የሚወጡበት ወቅትና መንገድ አለው፣ ዛሬ ማታ በጭስ አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ትንሽ ልርዘምብዎ።

ሥራዬ እንዲህ ያሉ እንስሳትን መቆጣጠር ነውና እኔ ኑሮዬ ከኮርኒስ ኮርኒስ፣ ከማንሆል ማንሆል ነው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ጥሩው መርዝ የቱ ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ «ቆሻሻችሁን የት ነው የምትጥሉት?» ብዬ እመልሳለሁ። ሰው ቅር ይለዋል፤ እንደ ስድብ የሚቆጥረውም አለ። ነገር ግን አይጥ የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚደበቅበት ካላገኘ የትም አይሰነብትም። እነዚህ ሦስቱ ሳይነኩ እንስሳውን ብቻ መግደል በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ወለሉን መወልወል ነው።

ስሌቱን ይዩት። አይጠ መጎጥ፣ ትልቁን ቡናማ አይጥ ማለቴ ነው፣ እርግዝናዋ ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ትወልዳለች። ልጆቿም ሁለት ሦስት ወር ሲሞላቸው ወላጅ ለመሆን ይደርሳሉ። ከመቶው ሃምሳውን ብትገድሉ የቀሩት ሃምሳ የመቶውን ማዕድ ይወርሳሉ፤ ጠግበው የሚያድሩ እናቶች የወለዱትን አብዛኛውን ያሳድጋሉ፤ ከአጎራባች ግቢም ክፍት ጎሬ ያየ ሁሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካዋ ከተማ ባልቲሞር ውስጥ ዴቪድ ዴቪስና ባልደረቦቹ የከተማ አይጦችን ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ ነበር፤ አይጦቹ ተይዘው የተወሰዱበት ሰፈር ውሎ አድሮ ወደ ቀድሞ ቁጥሩ ተመለሰ፣ ቆሻሻውና መደበቂያው የተስተካከለበት ሰፈር ግን ቁጥሩ ወርዶ እዚያው ቆየ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ ግን ዛሬም የምንጀምረው ከመርዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ግቢያችሁ እንግባ። መጀመሪያ ማን እንደገባባችሁ ይወቁ። ማስመሪያ ይዘው ኩሱን ይዩ። 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋና ጫፉ ድቡልቡል ያለ ከሆነ አይጠ መጎጥ ነው፤ መሬት ቆፍሮ ይኖራል፣ በፍሳሽ መስመር ይመላለሳል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ ጫፉ ሾል ያለ ከሆነ ጥቁሩ የጣሪያ አይጥ ነው፤ በሽቦና በቅርንጫፍ ላይ ይሄዳል፣ ከፍታ ይወዳል። የሩዝ ፍሬ የሚያክል ከሆነ ተራዋ የቤት አይጥ ናት። ልዩነቱ የባለሙያ ቅንጦት እንዳይመስልዎ። ጣሪያ ላይ ለሚሄደው መሬት ላይ ወጥመድ ዘርግቶ ወር ሙሉ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ አንድ ምሽት ይስጡት። በአንድ ወቅት የተጠራሁበት ግቢ ነዋሪው በሙሉ «አይጡ የሚመጣው ከአጥሩ ማዶ ካለው ባዶ ቦታ ነው» ብሎ ይምል ነበር። ባትሪዬን በቀይ ላስቲክ ሸፍኜ (አይጥ ቀይ ብርሃን ብዙም አይታየውም) ከገንዳው ራቅ ብዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይን ሊይዝ ሲል የመጀመሪያዋ ወጣች፤ ከአጥሩ ማዶ ሳይሆን ከገንዳው መቆሚያ ኮንክሪት ሥር ካለ ስንጥቅ። መሃል ሜዳውን አላቋረጠችም። ጎኗን ከግድግዳው ጋር እያሻሸች ሄደች። ጠዋት ስናየው ግድግዳው ላይ ከመሬት ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ጥቁር ቅባት መሳይ መስመር ተሰምሮበታል፤ የስንት አይጥ የስንት ወር መመላለሻ ነው። ከመስመሩ ጫፍ ላይ ቧንቧ አለ። በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ጠብታ። ቆመች፣ ጠጣች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች፣ በመጣችበት ተመለሰች። ያንን ኮንክሪት ያስለበጠው ኮሚቴው ራሱ ነበር፤ «ንጹሕ እንዲሆን» ብሎ ባለፈው ዓመት። ሥሩ ሳይጠቀጠቅ ስለተለበጠ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ጣሪያ ያለው፣ ዝናብ የማይገባበት፣ በላዩ ምግብ የሚፈስበት መኖሪያ። ኮንክሪቱ ተሰብሮ ሥሩ በጠጠር ተጠቅጥቆ እንደገና ተሞላ፣ የቧንቧው ጎሚኒ ተቀየረ፣ ገንዳው ክዳን ተሠራለት። ከዚያ በኋላ የቀሩትን በወጥመድ መጨረስ የሁለት ሳምንት ሥራ ሆነ።

እናንተም ቀዳዳ ባያችሁበት ሁሉ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ወትፉበት። በማግስቱ ተገፍትሮ ከወጣ ነዋሪ አለበት፣ ሦስት ቀን ካልተነካ ባዶ ነው። የአይጠ መጎጥ ጉድጓድ አፉ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በር ላይ አዲስ የተዛቀ አፈር ይኖረዋል፣ የሸረሪት ድር አይኖረውም። ያገኛችሁትን በግቢው ካርታ ላይ ነጥብ እያደረጋችሁ ምልክት አድርጉ። አይጥ ብዙውን ጊዜ ከጎሬው ከ30 እስከ 50 ሜትር በላይ አይርቅም፤ ነጥቦቹ ሲሰባሰቡ ምግቡም እዚያው አጠገብ እንዳለ ይነግሯችኋል።

ምግቡን መቁረጥ ሲባል ግቢውን ማጠብ ብቻ አይደለም። አንድ አይጥ በቀን የሚበቃው 25 ግራም ያህል ነው፤ አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። የተቀደደ የቆሻሻ ላስቲክ፣ ክዳኑ የተሰበረ በርሜል፣ ለውሻ ቀርቦ ያደረ ሳህን፣ ከዛፍ ወድቆ የበሰበሰ ፍሬ፣ እናታችን ለእርግብ የበተኑት እህል ትራፊ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ አንድ ቤተሰብ አይጥ ያሳድራል። ስለዚህ ኮሚቴው ገንዘብ ካለው ቅድሚያ የሚያወጣው ክዳኑ ገጥሞ ለሚዘጋ፣ ከብረት ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ለተሠራ ገንዳ ነው። ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ቆሻሻ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ጠዋት የሚነሳ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ግብዣ አቀረባችሁ ማለት ነው፤ ማውጫው ሰዓት ወደ ንጋት ይዙር። ኒውዮርክን የሚያህል ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ላስቲኩን እግረኛ መንገድ ላይ ሲደረድር ኖሮ፣ በቅርቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው ንግድ ቤቶችና ትናንሽ መኖሪያ ሕንጻዎች ክዳን ባለው ገንዳ እንዲያስቀምጡ ያስገደደው። ስለዚህ እናንተ ብዙም አልዘገያችሁም።

መግቢያውን መዝጋት ደግሞ ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚሆን ክፍተት ትሾልካለች፤ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል። የአይጠ መጎጥ ግልገል 12 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። የውኃና የመብራት መስመር ግድግዳ የሚበሳበት ቦታ፣ የበር ግርጌ፣ የወለል ፍሳሽ ክዳን፣ የአየር ማስገቢያ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከእነዚህ አያልፍም። ቀዳዳውን በፎም ብቻ አትሙሉት፤ ፎም ለአይጥ ጥርስ እንደ ቂጣ ነው። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ሲፈልገውም ሳይፈልገውም ያፋጫል። የብረት ሱፍ ወይም የሽቦ ወንፊት ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ምረጉበት። የበር ግርጌ ላይ የቆርቆሮ ጠርዝ ይመታ። ጣሪያውን የነካ ቅርንጫፍ ካለ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይቆረጥ።

ወጥመድን በተመለከተ የማየው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ወጥመድ ይገዛል፣ በመጀመሪያው ሌሊት ይጠመዳል፣ አንድ ይይዛል፣ ከዚያ ምንም። አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ መንገዱ ላይ ካየ ለቀናት ዞሮት ይሄዳል፤ ጓደኛው ሲያዝ ያየ ደግሞ ጨርሶ አይጠጋም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አሥር ሃያ ወጥመድ አምጡ፤ ሳይጠመዱ፣ ማባበያ ብቻ ተደርጎባቸው አራት አምስት ሌሊት ይቆዩ። ማባበያው እየተበላ መሆኑን ስታዩ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አጥምዱ። አቀማመጡ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ እንዲጋጠም፣ ማባበያው ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው እንዲሆን ነው፤ የቅባቱን መስመር ያስታውሱ፣ አይጧ የምታልፈው በዚያ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ ጣት ጫፍ የምታክል ይበቃል። ልጆች በሚደርሱበት ቦታ ወጥመዱ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

የሙጫ ወጥመድ አልጠቀምም፣ እንዲጠቀሙም አልመክርም። አይጡ ሳይሞት ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ተጣብቆ ይሰቃያል፤ በፍርሃት ሽንቱን ይለቃል፣ ወፍና እንሽላሊትም ይያዛል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ያለ ፈቃድ በሙጫ አይጥ መያዝ በሕግ ያስቀጣል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ «በማይሰማ ድምፅ ያባርራል» የሚባለውንም ማሽን እዚሁ ላንሳው፤ አይጡ ይለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከ60 በላይ ለሚሆኑ አምራቾችና ሻጮች «ማስረጃ ሳትይዙ ይሠራል አትበሉ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። ገንዘባችሁን ለገንዳው ክዳን አድርጉት።

አሁን ስለ ድመቷና ስለ ጉጉቱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ካለው የአይጥ መርዝ አብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በሰሜን አሜሪካ ሻጋታ የያዘው ድርቆሽ የበሉ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው አልቆም ብሎ ሲሞቱ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ፖል ሊንክ ቡድን ከዚያ ድርቆሽ ንጥረ ነገሩን አወጣ፤ ከእሱ የተገኘው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ መርዝነት ዋለ። በኋላም በልኩ ተሰጥቶ ለሰው መድኃኒት ሆነ፤ ደም ለማቅጠን የሚወሰደው ያው ነው። በአሥር ዓመቱ ግን መርዙ የማይጎዳቸው አይጦች ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ስኮትላንድ ውስጥ። ከዚያ የበረቱት መጡ፣ ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን የሚባሉት።

የእነዚህ አደጋ እንዲህ ነው። አይጡ አንድ ጊዜ በልቶ የሚሞትበትን ያህል ያገኛል፤ ግን የሚሞተው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት መብላቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሲሞት ሆዱና ጉበቱ የሚገድለውን ብዙ እጥፍ ተሸክሟል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ደክሞ በጠራራ ፀሐይ መሃል ሜዳ ላይ ይንገዳገዳል። ለጉጉትና ለድመት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። መርዙ በበላተኛው ጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ አንድ ባይገድለው ሦስተኛው ይገድለዋል። የእናንተ ጉጉት የሞተው በዚህ መንገድ ነው ብዬ ሳልመረምር አልምልም፤ ነገሩ ግን ይህን ይመስላል። አንድ ጉጉት በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ትናንሽ አይጥ ይበላል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሌሊት ጥበቃችሁን አጥታችኋል።

ከአሁን በኋላ በግቢው ድመት ወይም ውሻ ከደከመ፣ ድዱ ከነጣ፣ ከአፍንጫው ወይም ከሽንቱ ጋር ደም ካያችሁ የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ1 ነው፣ ለሳምንታት ይሰጣል። የሰው ልጅ ቀምሶት ከሆነም እስኪታመም አይጠበቅም፤ ማሸጊያው ተይዞ ሆስፒታል ነው። ስም የሌለው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ መርዝ ግን ለማንም፣ በምንም ምክንያት ግቢ አይግባ። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ሐኪሙም በምን ሊያረክሰው እንደሚችል አያውቅም። አንዳንዱ የእርሻ ፀረ ተባይ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይጥላል።

እኔ ራሴ መርዝ አልጠቀምም ማለቴ አይደለም፤ እጠቀማለሁ። ግን ምግቡ ከተቆረጠ፣ ቀዳዳው ከተዘጋና ወጥመዱ ከሠራ በኋላ የቀረ ካለ ነው። ያም ተቆልፎ መሬት ላይ በሚታሰር ሳጥን ውስጥ፣ ቦታው ተመዝግቦ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ተቆርጦለት፣ በየጠዋቱ ሬሳ እየተለቀመ። ጎረቤታችሁ እንዳደረጉት ሜዳ ላይ መበተን ማንም ባለሙያ የሚያደርገው አይደለም። እሳቸውን ስብሰባ ላይ ማዋረድ ግን አይጠቅማችሁም። የቀረውን መርዝ እንዲያስረክቡ፣ የበተኑበትን ቦታ እንዲያሳዩ ነው የምትፈልጉት፤ የተዋረደ ሰው ይህን አያደርግም።

ድመት ስለማብዛት። ድመት አይጥ ትይዛለች የሚለው ውሸት አይደለም፤ ግን የምትመርጠው ትንሿን የቤት አይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ በአንድ የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ቦታ አይጦችንና የጎዳና ድመቶችን በካሜራ ለ79 ቀን ተከታተለ። የተገደሉት ሁለት አይጦች ብቻ ነበሩ። ድመት ባለበት አይጡ ብቅ ማለቱን ይቀንሳል፤ እናንተ «ጠፋ» ትላላችሁ፣ እሱ ግን ጎሬው ውስጥ ነው። ድመቶቹ ደግሞ ወፎቹን ይጨርሳሉ፣ ይራባሉ፣ ከጊዜ በኋላ «የድመት መብዛት» የሚል ሌላ ጥያቄ ይጽፉልኛል።

ጽዳት ላይ አንድ ነገር አደራ። የአይጥ ኩስ ያለበትን ቦታ ደረቁን አትጥረጉት። አቧራው ሲነሳ በትንፋሽ የሚገባ በሽታ ይዞ ይነሳል፤ ሽንቱም ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን ያስተላልፋል፣ በተለይ እግር ወይም እጅ ላይ ጭረት ካለ። መስኮት ይከፈት፣ ጓንትና ማስክ ይደረግ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይረጭ፣ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠረግ።

የእርግቦቹ ነገር ከአይጡ ጋር አንድ ነው። ባዝል የምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1985 ድረስ 100,000 ያህል እርግብ ገደለች፤ በከተማዋ የነበረው ግን 20,000 አካባቢ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1988 መንገዱ ተቀየረ። ሕዝቡ ምግብ መበተኑን እንዲቀንስ ዘመቻ ተከፈተ፣ ጥቂት የእርግብ ቤቶች ተሠርተው እንቁላል ይለቀምባቸው ጀመር፤ በ50 ወር ውስጥ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ለእናታችን ይህንን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው፤ ቢቻል የሚያከብሩት ሰው ይንገራቸው። ብዙ ሲበሉ ብዙ ይፈለፍላሉ፣ ጎጆው ይጠባል፣ ጫጩቶቹ በበሽታና በመጨናነቅ ያልቃሉ። እህሉ ለእርግቦቹ የሚያመጣው ይህንን ነው፤ ትራፊውን ደግሞ አይጥ ይበላዋል። በአንድ ጊዜ ይተዉ አትበሉ። ከበረንዳ ራቅ ያለ አንድ ቦታ፣ በአሥር ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ መጠን፣ ጠዋት ብቻ፣ በየሳምንቱ እየቀነሰ። በረንዳው ላይ ደግሞ መረብ ወይም ዘንበል ያለ ሳንቃ ይደረግ፣ የሚቆሙበት ጠፍጣፋ ቦታ እንዳይኖር።

ወደ ሌሊት ወፎቹ። ነፍሳት በሊታ ከሆኑ፣ ኮርኒስ የሚገቡት አብዛኞቹ ናቸው፣ እናቲቱ በዓመት ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ልጁ ለመብረር ሳምንታት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ቀዳዳውን ብትዘጉ እናቶቹ ውጭ ይቀራሉ፣ ልጆቹ ኮርኒሱ ውስጥ ሞተው ይሸታሉ፤ እናቶቹም መግቢያ ፍለጋ መኝታ ቤት ድረስ ይገባሉ። ስለዚህ ግልገሎቹ መብረር እስኪጀምሩ ይታገሡ፤ በአካባቢያችሁ ወቅቱ መቼ እንደሆነ የዱር እንስሳት ባለሙያ ይነግራችኋል። ከዚያ አመሻሽ ላይ ሁለት ሰው ከውጭ ቆሞ የት የት እንደሚወጡ ይይ። ከዋናው መውጫ በቀር ጣት የሚያስገባው ክፍተት ሁሉ ይታተም። በዋናው መውጫ ላይ መረብ ከላይ ብቻ ተመትቶ ከታች ልቅ ሆኖ ይንጠልጠል፤ ሲወጡ ከሥሩ ሾልከው ይወድቃሉ፣ ሲመለሱ በሩን አያገኙትም። ሳምንት ያህል ካለፈና ማንም ሲወጣ ካልታየ ይደፈናል። ጭስና መድኃኒት መርጨት የታመመና የተደናገጠ የሌሊት ወፍ ሰው ላይ እንዲወድቅ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

በባዶ እጅ ማንም አይንካቸው። ለሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ 99 ከመቶው ከውሻ ቢመጣም የሌሊት ወፍም ያስተላልፋል፤ ንክሻው ደግሞ መርፌ የወጋ ያህል እንኳ ላይታይ ይችላል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ ሰዓት ይዞ፣ በግምት አይደለም። በዚያው ቀን ለክትባት ሐኪም ቤት ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ሕፃን ወይም የተኛ ሰው ባለበት ክፍል የሌሊት ወፍ ከተገኘም «አልነከሰኝም» ተብሎ አይታለፍ።

አልጠየቁኝም እንጂ አይጥ የበዛበት ግቢ እባብ ይጠራል። ብታዩ ራቁለት፤ ልጆችና ውሻ ይሰብሰቡ፣ አንድ ሰው ከርቀት ዓይኑን ሳይነቅል ይቆይ፣ የሚይዝ ባለሙያ ይጠራ። ብዙ ሰው የሚነደፈው ልግደለው ብሎ ሲጠጋ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያረፈ የንብ መንጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ራሱ ይሄዳል። ውኃም መድኃኒትም አትርጩበት፣ ንብ አናቢ ጥሩ።

በስብሰባው ላይ የሚነሳ አንድ ሐሳብ እንዳለ ገምቻለሁ፤ «ለያንዳንዱ የሞተ አይጥ ሽልማት እንክፈል» የሚል። እ.ኤ.አ. በ1902 የቬትናሟን ሃኖይን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች ይህንኑ ሞክረዋል፤ ጅራት ላመጣ ይከፈል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ውስጥ ጅራት አልባ አይጦች ሲሮጡ ታዩ፤ ሰው ጅራቱን ቆርጦ እንዲራባ ይለቀው ጀመር። ከከተማው ዳርቻም አይጥ የሚያረቡ ተገኙ። የሞተ አትቁጠሩ፣ ያለውን ቁጠሩ።

ያለው እንዴት ይቆጠራል? ከካርታችሁ ላይ አሥር ቦታ ምረጡ፤ በየቦታው ከግድግዳው ሥር አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ታልክ ፓውደር በስሱ ነስንሱ። ዱቄት አትጠቀሙ፣ ይበሉታል። ጠዋት ስንቱ ላይ የእግር ዱካና የጅራት ጭረት እንዳለ ጻፉ። ይህን ቆጠራ ሌላውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ አድርጉት። ከዚያ ገንዳው፣ ቧንቧው፣ ቀዳዳው፣ ወጥመዱ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው አሥር ቦታ ይደገም። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ይጻፉልኝ። በሁለተኛው ቆጠራ ከአሥሩ አራት አምስቱ ተረግጠው ካገኟቸው ካርታውንም አብረው ይላኩት፤ የመርዙን ሳጥን የት የት እንደምናስቀምጥ ያኔ እንነጋገራለን።